ከድልድዩ ሥር ያለው ባዜቃ

ሰኞ፣ የካቲት 3

ፕሮፌሰሩ ዛሬ ጠዋት በሬዲዮ ተናገሩ። ወንዙን የመረዘው ከላይ ያለው የአምፖል ፋብሪካ ነው፣ ማስረጃው በእጃችን ነው አሉ። ማስረጃው በእጃችን የለም። ፈልጌ እንዳመጣው የተቀጠርኩት እኔ ነኝ፤ ገና የጎማ ቦቲዬን እንኳ አላረጠብኩም። ከስርጭቱ በኋላ ላቦራቶሪ ገብተው «ሰማችሁኝ?» እያሉ አንድ በአንድ ዓይናችንን አዩ። ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፣ ግን ከሁሉም ቀድሜ አቆምኩ። ይህም ጀግንነት ከተባለ።

ድኅረ ዶክትሬት የሚሉት ሥራ ይኸው ነው። ዶክትሬትሽን ስትጨርሺ አንድ ትልቅ ሰው አስቀድሞ የተናገረውን ነገር እውነት እንድታደርጊለት ይቀጥርሻል።

አጠገቤ የሚቀመጠውን ሰው «ሽቶ» ብዬዋለሁ። እሱም እንደኔው ድኅረ ዶክትሬት ነው። ኬሚስት ሆኖ በየማለዳው ራሱን በሽቶ አጥቦ የሚመጣ ሰው አይቼ አላውቅም። በአየር ውስጥ ያለች ቅንጣት ሜርኩሪ የሚለየውን ማሽን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። ስለዚህ ልጣላው አልችልም። ለጊዜው።

ማታ ቤት ስደርስ እትዬ ሳሎኗን እየዘጋች ነበር። ታላቅ እህቴ የቤታችንን የፊት ክፍል የውበት ሳሎን ካደረገችው ቆይቷል፤ እኔና እማዬ ከኋላ ባሉት ሁለት ክፍሎች እንኖራለን። «ዛሬስ ባዜቃሽን አገኘሽው?» አለችኝ። ስለ ሥራዬ የምትጠይቀኝ ስለጠፋ ድመት እንደምትጠይቅ ሰው ነው። ሜርኩሪ በይው ብዬ ስንት ጊዜ ነገርኳት። አባታችን ባዜቃ ይለው ስለነበር ለሷ እስከ ዕለተ ሞቷ ባዜቃ ነው።


ሐሙስ፣ የካቲት 6

ፋብሪካው በር ላይ ዘበኛው አላስገባም አለ። በአጥሩ ዞሬ ከመውጫ ቱቦው ሥር ጭቃ ቀዳሁ። ቦቲው ውሃ ያስገባል። ሽቶ ደረቅ መሬት ላይ ቆሞ ብልቃጥ ያቀብለኛል፤ ሱሪው ተተኩሷል። ወደ ታች ወርደን ከድልድዩ ሥርም ቀዳን፣ ለማነጻጸር ያህል።

አፌ ውስጥ የብረት ጣዕም አለ። የካፍቴሪያው ሻይ ነው። ያንን ማንቆርቆሪያ ከተገዛ ጀምሮ ያጠበው ሰው ያለ አይመስለኝም።


ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ውጤቱ መጣ። በሳቅ ልሞት።

ከፋብሪካው ቱቦ ሥር ያለው ጭቃ ንጹህ ነው። የትም ሜዳ ላይ ከሚገኝ አፈር አይለይም። ከድልድዩ ሥር ያለው ግን ማሽኑን አስጮኸው። ድልድዩ ደግሞ ከፋብሪካው ብዙ ይርቃል፤ መሀል ላይ ያለው ውሃ ሁሉ ንጹህ ነው። ማለትም መርዙ የሚገባው እዚያው ድልድዩ አጠገብ፣ የገበያው መንገድ ፍሳሽ ወንዙን ከሚቀላቀልበት ቦይ ነው። ፋብሪካው የለበትም።

ወረቀቱን ለፕሮፌሰሩ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ አጠለቁ። «እንደገና ለኩት» አሉ።

«ሦስት ጊዜ ለክተነዋል።»

«አራተኛ ለኩት፣ ልጄ። ሳይንስ ትዕግሥት ነው።»

ሳይንስ ሬዲዮ ላይ ሲወጡ ትዕግሥት አልነበረም። ይህን ግን አላልኩም። ወጣሁ፤ ቀኑን ሙሉ ግን ደስ እያለኝ ዋልኩ። የአንድ ትልቅ ሰው ስህተት በእጄ ይዤ መዞር የመሰለ ነገር የለም።

እራት ላይ እማዬ ብርጭቆ ለቀቀች። በዚህ ሳምንት ይህ የመጀመሪያዋ አይደለም። እጇ ተንቀጠቀጠ፣ ብርጭቆው ወለሉ ላይ ተበተነ፣ ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሰች። «ለብርጭቆ ይለቀሳል?» አልኳት። እትዬ ቀና ብላ አየችኝና «ምንድነው ግን እጇን የሚያደርጋት?» አለች። እርጅና ነዋ አልኳት። እርጅናና ትንሽ ማጋነን። እማዬ እዩኝ ማለት ትወዳለች። እኔ ደግሞ የሚታይ ሥራ አለኝ።


ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ቅዳሜ ሳሎኑ ይሞላል። ክፍሌ ተቀምጬ ሁሉንም እሰማለሁ፤ ግድግዳው ስስ ነው።

የእትዬ ዝና ፀጉር ብቻ አይደለም። «የሙሽራ ክሬም» የምትለው አላት፤ ራሷ የምትቀላቅለው። ሴቶቹ ከሠርጋቸው ቀደም ብለው ይጀምሩና ለሠርጉ ቀን ፊታቸው እንደ ተላጠ ድንች ይሆናል። ይህን ውበት ይሉታል። ጓሮ ባለችው ክፍል እትዬ በባልዲ ትበጠብጠዋለች፣ እማዬ ደግሞ ከባልዲው በማንኪያ እየቀዳች ትንንሽ ብልቃጥ ውስጥ ትሞላለች። ሥራ ፈትቼ አልቀመጥም ስላለች የተሰጣት ሥራ ነው። አሁን አሁን ግን ከብልቃጡ ይልቅ የምትሞላው ቀሚሷን ነው።

ዛሬ ውሃ ለመቅዳት በሳሎኑ በኩል ሳልፍ አንዷ ወንበር ላይ ተንጋላ «እንዴ፣ ይቺ ናት ታናሽሽ? ምንም አትመሳሰሉም እኮ» አለች። እትዬ «እሷ አባቷን ነው» ብላ አሳለፈችው። እኔም ፈገግ ብዬ አለፍኩ። እንዲህ ያለ ወሬ እኔን አይነካኝም። እትዬ የእማዬን ቅላት ወርሳለች፣ እኔ ደግሞ የአባቴን ጭንቅላት። ማን እንደተጎዳ ግልጽ ነው።

ይህ የበጋ ነፋስ ግን ፊቴን አድርቆታል። ማታ ማታ ከእትዬ ክሬም ትንሽ ቀባ አደርጋለሁ፤ ለድርቀቱ ብቻ።


ረቡዕ፣ የካቲት 19

ስብሰባ። ስብሰባ። አራተኛው ልኬት ከሦስቱ ጋር አንድ ሆነ። ፕሮፌሰሩ «አስደሳች» አሉ፤ ፊታቸው ግን ቀብር ላይ የቆሙ ይመስል ነበር። የቦዩን መነሻ ተከተሉ አሉ። እኔ ልል የነበረውን።

ከተኛሁ በኋላ እነቃለሁ። መልሶ አይወስደኝም። ጽሑፌም እየተጣመመ ነው፤ ይህ እስክሪብቶ ርካሽ ነው።


ሰኞ፣ የካቲት 24

ዛሬ ከሽቶ ጋር የገበያውን መንገድ የፍሳሽ ጉድጓዶች ከታች ወደ ላይ እየከፈትን ወጣን። ክዳኑን የሚያነሳው እሱ ነው፣ ጭቃውን የምቀዳው እኔ። ዛሬ ሱሪው ተበላሸ። አላዘንኩም። አንድ ሱቅ በር ላይ ነጋዴው «ወርቅ ጠፍቶባችሁ ነው?» አለን፤ ሽቶ ቆሞ ሜርኩሪ ምን እንደሆነ በትሕትና አስረዳው። ሰውየው ወርቁን እያሰበ ነበር።

መንገዱ መሀል ላይ ሁለት ቅርንጫፍ ቦይ ይገናኛል። አንዱ ከጥርስ ሐኪሙ ክሊኒክ በኩል ይመጣል፣ ሌላው ከእኛ ሠፈር ስርጥ መንገድ። ጥርስ ሐኪሙ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ድሮ ጥርስ የሚሞላበት ብርማ ነገር ግማሹ ሜርኩሪ ነው። ክሊኒኩ ገባን። ሐኪሙ የሚያስቅ ሰው ነው፤ የራሱ የፊት ጥርስ የለውም። «እኔ እሱን መጠቀም ካቆምኩ ቆየሁ። አሁን ሁሉም ሰው ነጭ ነው የሚፈልገው» አለን። አላመንኩትም። የሚዋሽ ሰው ዓይን ነበረው።

ከሁለቱም ቅርንጫፍ ቀድተን ተመለስን። የሠፈራችንን የቀዳሁት ለሙሉነት ያህል ነው።


ዓርብ፣ የካቲት 28

የጥርስ ሐኪሙ ቦይ ንጹህ ነው።

የሠፈራችን ቦይ ከድልድዩ ሥር ካለው ብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ብልቃጦቹ ተቀያይረዋል። ሌላ ሊሆን አይችልም። ሽቶ ምልክት ሲጽፍ ከነጋዴው ጋር ያወራ ነበር። ነገርኩት። «አልተቀያየረም» አለኝ ረጋ ብሎ። ረጋ ማለቱ ነው የሚያናድደኝ። «ስርጡ ውስጥ ምን ምን አለ?» ሲለኝ ልብስ ስፌት ቤት፣ ጋራዥ፣ ፎቶ ቤት አልኩት። ፎቶ ቤቱን እጠረጥራለሁ፤ ድሮ የማያስገቡት ኬሚካል አልነበረም። ሽቶ ሁሉንም ደብተሩ ላይ ጻፈና «ሌላስ?» አለ። ሌላ የለም አልኩት።


ማክሰኞ፣ መጋቢት 2

እማዬ ዛሬ እትዬን ጫማሽን ደበቅሽብኝ ብላ ከሰሰቻት። ጫማው እግሯ ላይ ነበር። እትዬ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋን ዋጠች። እኔን ወደ ማጀት ጠርታ «ቁርጭምጭሚቷ አብጧል፣ አይተሻል? ድዷም ይደማል። ሌሊት እየተነሳች በሩን ታያለች። አንቺ ምን ትያለሽ?» አለችኝ።

«እኔ የሰው ሐኪም አይደለሁም።»

«ዶክተር ነሽ አይደል?»

«የጭቃ ዶክተር ነኝ እትዬ። ጨው አብዝታ ስለምትበላ ነው። ጨው ቀንሺላት።»

እሺ ብላ ሄደች። እትዬ እኔ ያልኩትን ማድረግ ከጀመረች ሰነባብታለች። ማዘዝ ትወድ የነበረች ሴት፤ አሁን ስለ ጤና ነገር ከሆነ እኔ ካላልኩ አታምንም። ትንሽ ያበሳጨኛል። ትንሽ ደግሞ ደስ ይለኛል።


ዓርብ፣ መጋቢት 5

ፕሮፌሰሩ አሁን የወንዙን ዓሣ የሚበሉ ሰዎችን ፀጉር እንድንለካ ወሰኑ፤ ከቦዩ ዞር ለማድረግ ነው። ለማነጻጸሪያ ደግሞ ዓሣ የማይበላ፣ ፋብሪካ የማይሠራ፣ ከቤት የማይወጣ ሰው ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ሰው ማን አለ? እማዬ። ዓሣ ሽታው ያስጠላታል፣ ከበር ወጥታ አታውቅም። ዛሬ ከማጅራቷ ትንሽ ቆረጥኩ። ለሳይንስ መሆኑን ስነግራት ደስ አላት፤ ሻሿን ፈታ ዝም ብላ ተቀመጠችልኝ። ጭንቅላቷ በእጄ ውስጥ ይርገበገብ ነበር። «እንቅልፍ ነው ልጄ» አለችኝ።


ረቡዕ፣ መጋቢት 10

ዛሬ ሰው ላይ ጮህኩ። ሙሉ ላቦራቶሪ እየሰማ።

ዓሣ የሚበሉት ሁሉ ትንሽ ትንሽ አላቸው። ለማነጻጸሪያ የተወሰደው፣ ንጹህ ይሆናል የተባለው ፀጉር ከሁሉም በላይ ሆነ። ከሁሉም በላይ ማለት ሽቶ ማሽኑን አጥፍቶ ማብራት ነበረበት ማለት ነው። ወረቀቱን ሲያቀብለኝ ደሜ አናቴ ላይ ወጣ። ናሙናዬን በቆሻሻ እጅህ በክለህብኛል፣ ይህንን የሚያክል ማሽን ለአንተ የሰጠው ማን ነው፣ ሽቶህን ከምትረጭ ጓንት ብታጠልቅ ምን ነበረበት፣ አልኩት። ሌላም ብዬዋለሁ፤ አልጽፈውም።

እስክጨርስ ጠበቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ፀጉር ከውጭም ይይዛል። እርግጠኛ ለመሆን ሽንት አምጪ፤ ሽንት ውስጥ ካለ ሰውነቷ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው» አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ፦

«ቀኑን ሙሉ እጇ ምን ይነካል?»

«ምንም። አሮጊት ናት።»

«ማናት?»

ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። መንገድ ላይ እግሬ ወዴት እንደሚወስደኝ አላውቅም ነበር፤ ራሴን ያገኘሁት በሠፈራችን ስርጥ ፎቶ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ነው። በሩ ተዘግቷል። መስታወቱ ላይ ያለውን አቧራ አየሁት። ከተዘጋ ዓመት ያልፈዋል። ይህንን በየቀኑ ሳልፍ አየዋለሁ።


ሐሙስ፣ መጋቢት 11

ከጓሮ ክፍል አንድ ማንኪያ ክሬም ወሰድኩ። ለመዝጋት ያህል ነው። አለመሆኑን አረጋግጬ ነገሩን ለመዝጋት።

ማሽኑ ሊያነበው አልቻለም። ሽቶ ሳይጠይቀኝ አቀጠነው። እንደገና። እንደገና አቀጠነው።

ጥርጣሬ የለም።


ቅዳሜ፣ መጋቢት 13

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም። ዛሬ ሁሉንም እንዳለ ልጻፈው፤ በኋላ ለራሴ አሳምሬ እንዳልተርከው።

ትናንት ማታ ደንበኞቹ እስኪወጡ ጠብቄ ወደ ሳሎኑ ገባሁ። እትዬ ወለሉን እየጠረገች ነበር።

«ክሬሙ ውስጥ የምትጨምሪው ነጭ ዱቄት ከየት ነው የሚመጣው?» አልኳት።

«ከአቅራቢዬ ነዋ። ምነው?»

«ባዜቃ ነው እትዬ።»

ሳቀች። «ባዜቃማ አውቃለሁ፤ አባባ አሳይቶን የለ? የሚያብረቀርቅ ነው፣ የሚንከባለል። ይሄ ዱቄት ነው።»

«ከሌላ ነገር ጋር ተዋሕዶ ጨው ሲሆን ዱቄት ይሆናል። ቆዳ የሚያነጣውም እሱ ነው። ባልዲውን ስታጥቢ በቦዩ ወርዶ ድልድዩ ሥር ይደርሳል። ስፈልገው የከረምኩት ያንቺን ባልዲ ነው።»

መጥረጊያዋን አቆመች። እዚህ ላይ ነገሩን ብቻ መናገር እችል ነበር፤ በቀስታ፣ እንደ ሰው። የመረጥኩት ሌላ ነው። በየቅዳሜው ከግድግዳው በስተጀርባ ስሰበስበው የኖርኩት ሁሉ ወጣ። የማታውቂውን ነገር በባልዲ ታማስያለሽ፣ ሴቶቹን ፊታቸውን ትልጫቸዋለሽ፣ ከአንቺ የሚበልጥ ጨለማ አላየሁም፣ እማዬን በገዛ እጅሽ እየመረዝሻት ነው አልኳት።

ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች፣ ደንበኞቹ የሚቀመጡበት ላይ። መስታወቱ ውስጥ ነው ያየችኝ፣ ዞራ አላየችኝም።

«እጇ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ማንን ጠየቅሁ?» አለች።

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ማበጠሪያ አነሳሁ።

«ማንን ጠየቅሁ? አንቺን። ምን አልሽኝ? እርጅና ነው፣ ታጋንናለች አልሽኝ። እግሯ ሲያብጥ ጨው ነው አልሽኝ። ጨውን ነው ያስቀረሁባት። እኔ የተማርኩት ፀጉር ነው። ባዜቃ የተማርሽው አንቺ ነሽ። ይህንን ሁሉ ጊዜ አንድ ጣራ ሥር።»

«እኔ ምን እንደምትበጠብጪ በምን አውቃለሁ?»

«አታውቂም?» አለች። ድምፅዋ አልከረረም፤ ቢከርር ይሻለኝ ነበር። «ከትራስሽ ሥር ያለው ብልቃጥ የማነው? ለሙሽሮቹ ተሞልቶ የተቀመጠው ሲጎድል የማላይ ይመስልሻል? ዝም ያልኩት እንዳላሳፍርሽ ብዬ ነው።»

ለድርቀት ነው አልኳት። ይህንን ስል ራሴን መስታወቱ ውስጥ አየሁት። ግንባሬና ጉንጬ አንድ ዓይነት ቀለም የላቸውም። በሜርኩሪ ዶክትሬት ያላት ሴት፣ ያ ቅባት በምን እንደሚያነጣ ለመጠየቅ አንድም ቀን አላሰበችም። ወይም አስባለች። መልሱ ክሬሙን እንዳያስጥላት ፈርታ ይሆናል።

እትዬ ተነስታ ወለሉን ጠርጋ ጨረሰች።


ሰኞ፣ መጋቢት 15

ሆስፒታል። እማዬ ተኝታለች። ሽንቷ ውስጥ አለ፣ ኩላሊቷንም ነክቶታል። ሜርኩሪውን ከሰውነት የሚያወጣ መድኃኒት ጀመሩላት።

ወጣቱ ሐኪም «ቤት ውስጥ ከሜርኩሪ ጋር የሚሠራ ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀ።

«እኔ» አልኩ።

በሩቅ የሚያውቀኝ ይመስል በጥርጣሬ አየኝ። «ልብስሽን ሳትቀይሪ ነው ወደ ቤት የምትገቢው?» አለ። ላስረዳው ስጀምር እትዬ ከአልጋው ማዶ ሆና «ከሷ አይደለም። ከኔ ነው» አለች። የክሬሙን ብልቃጥ ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

ሐኪሙ ሁላችንም እንድንመረመር አዘዘ። ነገ እላለሁ። ሥራ አለብኝ።


ሰኞ፣ መጋቢት 22

ውጤቱን ለክፍሉ አቀረብኩ። ከድልድዩ እስከ ስርጡ፣ ከስርጡ እስከ አንድ ግቢ። የማን ግቢ እንደሆነ ራሴ ተናገርኩ። ሌላ ሰው ከሚነግራቸው ብዬ ነው፤ በጎነት አይደለም።

ፕሮፌሰሩ እስክጨርስ ጠብቀው ተነሱ። «እኔ ገና ከጅምሩ የቤት ውስጥ ምንጮችን ችላ እንዳንል አሳስቤ ነበር» አሉ። አንድ ሰው ሳል ያዘው። የሬዲዮው ቅጂ የሁላችንም ስልክ ውስጥ አለ። ቀጥለው ደግሞ በጣም እያዘኑ፣ ቤተሰቤ ስለተነካ የጥቅም ግጭት እንደሚኖር፣ ለጥናቱ ክብር ሲባል ስሜ ከመጀመሪያው ጸሐፊነት ቢነሳና ሽቶ ቢመራው እንደሚሻል ተናገሩ። ሽቶ አላሉትም እርግጥ። እኔ ብቻ ነኝ የምለው።

ይወስዳል ብዬ ነበር። እኔ በሱ ቦታ ብሆን እወስድ ነበር።

«ጭቃውን የቀዳችው እሷ ናት» አለ ሽቶ። «የእህቷን ቤት ደብቃ ቢሆን ኖሮ ነበር የጥቅም ግጭት። እኔ አልመራውም።» ይህንን ያለው ቁጭ ብሎ፣ እስክሪብቶውን እየከደነ ነው። ፕሮፌሰሩ ኩም አሉ። እንደገና እናየዋለን ብለው ሻይ ሊጠጡ ወጡ።

በኋላ በኮሪደሩ ላገኘው ፈልጌ አገኘሁት። ያን ቀን ስለተናገርኩህ ነገር፣ ብዬ ጀመርኩ። «የትኛውን? ብዙ ነበር» አለኝ። ሳቅኩ። የምሰድበው ነገር ስፈልግ ሽቶው ብቻ ቀረኝ፤ እሱም ዛሬ ቀለል ያለ መሰለኝ።


ረቡዕ፣ ሚያዝያ 1

እማዬ ወደ ቤት ገባች። እጇ አሁንም ይንቀጠቀጣል፣ ግን ትናንት ሌሊቱን ሙሉ ተኛች። የጓሮው ክፍል ተጠርጓል፤ መጋረጃው፣ ፎጣው፣ የእማዬ ቀሚሶች ሁሉ ተወስደዋል። ሳሎኑ ዝግ ነው። ማንም አልዘጋባትም፤ ራሷ ናት የዘጋችው።

እትዬ አታናግረኝም። ምግብ ታቀርብልኛለች፣ በር ትከፍትልኛለች፣ አታናግረኝም። ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ናት። ስስ በሆነው ግድግዳ እሰማለሁ። «አዎ፣ ያኔ ለሠርግሽ የሰጠሁሽ። አይ፣ አትቀቢው። አዎ፣ እኔ ነኝ። አውቃለሁ። ልክ ነሽ።» አንዳንዶቹ ከሷም አልፎ እኔ ጋ እስኪሰማ ይሰድቧታል። አትመልስም። ስልኩን ዘግታ ሌላዋን ትደውላለች። እኔ ሰው እንዲህ ቢናገረኝ ኖሮ ስንት ቃል ነበረኝ።

ፊቴን በሳሙና ብቻ መታጠብ ከጀመርኩ ሰንብቻለሁ። እየተላጠ ነው። ምርመራውን ገና አልሄድኩም።


ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 7

ዛሬ ከማለዳው ዝናብ ነበር። ላቦራቶሪ ስደርስ ኮሪደሩ በሴት ተሞልቷል። እርጥብ ጃንጥላ፣ ሻሽ፣ ልጅ ያዘለች፣ ሁለቷ እርጉዝ። መሀላቸው እትዬ ቆማለች። ዘበኛው ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት ወንበር ያመጣል።

«እሷ ናት» አለች እኔን እያሳየቻቸው። «ክሬሙን የሸጥኩላችሁ እኔ ነኝ። የምታውቀው እሷ ናት። ያላችሁን ሁሉ እሷን ጠይቁ፤ እውነቱን ትነግራችኋለች። ክፉ አፍ አላት፣ ግን አትዋሽም።»

በዚህ ሁሉ ሳምንት ስለኔ የተናገረችው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው።

ፕሮፌሰሩ ከቢሯቸው ብቅ ብለው ይህ የገበያ ቦታ አይደለም ሲሉ ሽቶ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ሴቶቹን አስገባ። ለሐኪሙ የሚላከው ሽንት ነው፣ ለጥናቱ ደግሞ ፀጉር እንፈልጋለን፤ ከማጅራት በኩል፣ ከሥሩ። መቀሱን አንስቼ የመጀመሪያዋን ስጀምር ሴትየዋ «ኧረ ጉድ፣ ራሰ በራ ልታደርጊኝ ነው» አለች። ሁለተኛዋ ወንበሯን ወደ ኋላ ሳበች። የሚያምር ነገር ልናገራት አፌን ስከፍት እትዬ ከጎኔ ቆመች።

«ስጪኝ» አለች። «አንቺ እኮ ሣር ነው የምታጭጂው።»

መቀሱን ሰጠኋት። በጣቷ ፀጉሩን ከፈል አደረገችው፣ የላዩን ሰብስባ በፀጉር ማስያዣ ያዘችው፣ ከውስጥ በኩል ቀጭን ዘለላ መርጣ ከሥሩ ቆረጠች፣ የላዩን መልሳ ለቀቀችው። የተቆረጠበት ቦታ አይታይም። ሴቶቹ አንድ በአንድ ይቀመጣሉ፤ እሷ ትቆርጣለች፣ እኔ በወረቀት ጠቅልዬ ምልክት እጽፋለሁ። አንዷ ልጇን ልትወልድ ደርሳለች፤ ምን ይሆንብኛል ብላ ስትጠይቀኝ እውነቱን ነገርኳት፣ ክሬሙን ዛሬ ማቆሟ ምን ያህል እንደሚጠቅማት፣ እስካሁን ስለሆነው ግን እርግጠኛ መሆን እንደማልችል። አለቀሰች። እትዬ መቀሱን አስቀምጣ ትከሻዋን ይዛ ቆመች። ሴትየዋ እጇን አልገፋችባትም፣ ቀና ብላም አላየቻትም። አንዷ ሳትናገር ተነስታ ወጣች። ሌሎቹ ቆዩ።

ከሰዓት በኋላ ሲያልቅ እትዬ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝና መቀሱን በትከሻዋ ላይ አቀበለችኝ። እንዳሳየችኝ አድርጌ ቆረጥኩ፤ ከፈል፣ ሰብሰብ፣ ከውስጥ። ማጅራቷ ላይ ሽበት አለ። አይቼው አላውቅም ነበር። ጠቅልዬ ምልክቷን ጻፍኩ።

ከዚያ እቃ መሰብሰብ ጀመርኩ። ብልቃጥ፣ ጓንት፣ የተረፈ ወረቀት። ነገ ብዙ ሥራ አለ፣ መሽቷል፣ ማሽኑም መሞቅ አለበት እያልኩ ነበር፤ ለማን እንደምል አላውቅም።

እትዬ ከወንበሩ ተነስታ መቀሱን ከእጄ ወሰደች።

«ዙሪ» አለችኝ።

ዞርኩ።